«እጨምር ነበር» ላሉኝ ሰዎች

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። ከመንዝ የሚመጣ ባና፣ ዝተትና በርኖስ በቴሌግራም በጨረታ እሸጣለሁ። ሥራውን ከጀመርኩ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ጋዜጣችሁን ሳነሳ መጀመሪያ የምገልጠው የሐራጅ ማስታወቂያውን ነው፤ ወደ ዜናው የምመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ደግሞ ስለ ጨረታ አንድ የከበደኝን ነገር ልጽፍላችሁ ተነሳሁ።

አሁን በስልክ የሚያጫርት ሰው በዝቷል። ጫማ፣ ያገለገለ ስልክ፣ የቤት ዕቃ፣ የድሮ ሳንቲም ሳይቀር ይወጣል። የሁላችንም ጣጣ ግን አንድ ነው። ጨረታው ሊዘጋ አንድ ደቂቃ ሲቀረው እስከዚያ ድምፁ ያልተሰማ ሰው ብቅ ይልና ዕቃውን ይወስዳል። የተሸነፈው ይደውላል። «እኔ እኮ እጨምር ነበር!» ይላል። ሻጭ ለዚህ ሰው ምን ይመልስ? ብዙዎቻችን «ሰዓቱ አልቋል» ብለን ስልኩን እንዘጋለን። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ልክ አልነበርኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ኅዳር አንድ ጥቁር በርኖስ አወጣሁ። የሠሩት ሸማኔ አርፈዋል፤ ያመጣልኝ ልጃቸው ነው። ሐሙስ ጠዋት ፎቶውን ለጠፍኩ። መነሻው 4,000 ብር፣ የሚዘጋው ቅዳሜ ማታ 3፡00 ሰዓት። አንዲት ሴት ከሸዋ ሮቢት ሦስቱንም ቀን ከጨረታው አልተለየችም። ሰው መቶ ሲጨምር እሷም መቶ ትጨምራለች። ቅዳሜ ማታ 2፡40 ላይ 7,200 ጻፈች። ከዚያ ሁሉም ዝም አለ። 2፡59 ሲሆን አንድ አዲስ ሰው 7,300 ብሎ ገባ። እሷ ደንግጣ 7,500 ብላ ስትልክ የእኔ ስልክ 3፡00 ይላል።

ሦስት ሰዓት ራሱ ከውስጥ ነው ከውጭ? አልጻፍኩትም ነበር። «3፡00 ላይ ይዘጋል» ነው ያልኩት። ለእኔ ግልጽ መስሎኝ ነበር፤ ለእሷም ግልጽ መስሏታል፤ ችግሩ የሁለታችን ግልጽ መለያየቱ ነው። እኔ «ውጭ ነው» ብዬ ለሰውየው ሰጠሁት።

ደወለች። «እህቴ፣ አባቴ የሚለብሰው እንዲህ ያለ ነበር። ሲሞት ማን እንደወሰደው እንኳ አላውቅም። በመቶ ብር አስወሰድሽብኝ?» አለችኝ። «ሕግ ሕግ ነው» አልኳትና ዘጋሁት። ከዘጋሁት በኋላ ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

በዚያው ሌሊት ደግሞ ሌላ ሰው በውስጥ ጻፈልኝ። «10,000 እሰጥሻለሁ፤ ያኛው ገና አልከፈለም አይደል? ሰርዢው» አለኝ። አብራኝ የምትሠራዋ ልጅም «ውሰጂ እንጂ» አለች። እንቢ አልኩ። በዚህ ዛሬም አልጸጸትም። ከተዘጋ በኋላ በ2,700 ብር ጭማሪ የሚከፈት ከሆነ ጨረታው ቀድሞውንም አልነበረም ማለት ነው። ባለ 7,300ውም ምንም አላጠፋም። ያስቀመጥኩትን ደንብ አንብቦ በደንቡ ውስጥ መጣ። ኋላ ሳናግረው የሌሊት ተረኛ ሠራተኛ ነው፤ መልእክቱን ቀድሞ ጽፎ 2፡59 ላይ እንዲሄድ አድርጎ ነው ሥራ የገባው። ቴሌግራም ይህን ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይፈቅዳል። ኮሜንቱ ላይ ግን «ሌባ» ሲሉት አደሩ። ስድቡን አጠፋሁ። ዋጋዎቹን አንዳቸውንም አልነካሁም።

ለምን አልነካሁም? ተሸናፊውን የሚያቃጥለው ገንዘቡ ብቻ ስላልሆነ ነው። «የራስሽን ሰው አስገብተሽ ነው» የሚለው ጥርጣሬ ነው የሚያንገበግበው። ይህን ደግሞ በከንቱ አያስቡትም፤ የሚያደርጉ አሉ። ወንድሙን ወይም ጓደኛውን አስገብቶ ዋጋ የሚያስንር ሻጭ አይቻለሁ። ስለዚህ አንድ የተጻፈ ዋጋ ከጠፋ፣ ለምንም ይሁን፣ ሰው ቢጠረጥር እውነቱን ነው። ደግሞም ቴሌግራም ስልክ ላይ የሚያሳየው ሰዓትና ደቂቃ ነው፣ ሰከንድ የለም። የተላከን መልእክት ማስተካከልም ይቻላል፤ 6,000 ብሎ የጻፈ ሰው ተመልሶ 8,000 ሊያደርገው ይችላል። እኔ ጋ አሁን የተስተካከለ ዋጋ አይቆጠርም። መጨመር የፈለገ አዲስ ይጽፋል። ይህንንም ከፎቶው ሥር ከመነሻ ዋጋው ጋር አስቀምጠዋለሁ።

አሜሪካ የሚኖር ዘመዴ ይህን ስነግረው ሳቀ። «እዚህ እኮ ያለቀ ጉዳይ ነው» አለኝ። ኢቤይ የሚባለው የጨረታ ገበያ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። እዚያ ተጫራች የመጨረሻ ዋጋውን ቀድሞ ያስገባል፤ ዋጋውን ሌላ ሰው አያየውም። ሌላው ሲጨምር ማሽኑ በእሱ ፈንታ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ይሄዳል፣ እሱ ካስገባው ጣሪያ ግን አያልፍም። አሸናፊው የሚከፍለውም ሙሉውን ጣሪያ አይደለም፤ ከሁለተኛው ሰው ትንሽ ከፍ ያለውን ነው። ጨረታው በተባለው ሰከንድ ይዘጋል፣ በመጨረሻ ሰከንድ መግባትም አይከለከልም። «እጨምር ነበር» ለሚል ሰው መልሱ «ታዲያ ለምን ቀድመህ አላስገባህም?» ነው።

መልሱ ለእነሱ ልክ ነው። እኛ ጋ ግን አይሠራም። የእኛ ጨረታ ኮሜንት ላይ ነው፤ ምስጢር የሚጠብቅ ማሽን የለውም። የሸዋ ሮቢቷ ሴት ሐሙስ ዕለት «እስከ 9,000 እሄዳለሁ» ብላ ብትጽፍ ኖሮ ኪሷን ለሁሉም ሰው ገልጣ ማሳየቷ ነበር። ስለዚህ መቶ መቶ ብር እያለች መውጣቷ አላዋቂነት አይደለም። ያለው አንድ መንገድ እሱ ነው። ያንኑ መንገድ በአንድ ደቂቃ የዘጋሁባት እኔ ነኝ። «ሕግ ሕግ ነው» ያልኩት ይህን ሳላስብ ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ የተጠና ነገርም አለ። አልቪን ሮትና አክሰል ኦከንፌልስ የሚባሉ ሁለት ምሁራን በ2002 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ኢቤይን ከአማዞን ጋር ያወዳድራል። ያኔ አማዞንም ጨረታ ነበረው። አማዞን ላይ ግን በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሰው ከገባ ጨረታው ይራዘማል፤ አሥር ደቂቃ ሙሉ የሚጨምር እስኪጠፋ ድረስ አይዘጋም። ኢቤይ ላይ ሰዉ መጨረሻ ላይ ይጋፋል፤ አማዞን ላይ ይህ በጣም ያነሰ ነበር። ልምድ ያለውም ተጫራች ኢቤይ ላይ ይበልጥ ያመሻል፤ አማዞን ላይ ደግሞ ተቃራኒው ታየ። እንግዲህ ሰዎቹን የሚያጋፋቸው ጠባያቸው ሳይሆን አዘጋጉ ነው ማለት ነው።

ነገሩ የኢንተርኔት ብቻም አይደለም። በድሮ እንግሊዝ በሻማ ያጫርቱ ነበር። ቁራጭ ሻማ ይለኮሳል፤ ሊጠፋ ሲል የመጨረሻውን ዋጋ የጠራ ሰው ይወስዳል። ሳሙኤል ፒፕስ የሚባል የባሕር ኃይል ሹም በ1662 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ አንድ ሰው ከሌሎቹ ሁሉ የተሻለ ጊዜውን ያውቅ ነበር። ምስጢሩን ሲጠይቁት ሻማ ሊጠፋ ሲል ጭሱ ወደ ታች እንደሚወርድ አስተውያለሁ አለ። ጭሱን አይቶ ይጠራል፣ ያሸንፋል። ሌሎቹ በዚያ ቀን «እጨምር ነበር» ሳይሉ የቀሩ አይመስለኝም።

እኛ አገር ግን መፍትሔው አጠገባችን ነበር። በንግሥ ቀን ስለት ሲጫረት አይታችኋል። ጃንጥላ ይመጣል፣ ምንጣፍ ይመጣል፣ በግ ይመጣል። አጫራቹ ጃንጥላውን ከፍ አድርጎ ይዞ «ይህን ያህል ተባለ፣ የሚጨምር?» ይላል። አንዱ ይጨምራል። «አንደኛ… ሁለተኛ…» እያለ ሰዉን ዓይን ዓይኑን ያያል። ሊጨምር የሚያመነታ ካለ ይጠብቀዋል። ማንም ሰዓቱን አያይም። ሁሉም ዝም ሲል ብቻ «ሦስተኛ!» ይባላል፣ እልልታው ይቀልጣል። እዚያ ቦታ «እጨምር ነበር» ብሎ የሚያለቅስ ሰው አይቼ አላውቅም። ተጠይቆ ዝም ብሏላ!

ከዚያ ወዲህ እኔም ጨረታዬን በሰዓት መዝጋት ትቼ በዝምታ እዘጋለሁ። 3፡00 ሰዓት አሁንም አለ። ግን ከ2፡55 በኋላ ማንም ዋጋ ከጻፈ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሌላ አምስት ደቂቃ ይጨመራል። እንደገና ከተጻፈ እንደገና ይጨመራል። አምስት ደቂቃ ሙሉ ማንም ካልጻፈ «አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ» ብዬ ጽፌ እዘጋዋለሁ። ከ«ሦስተኛ» በኋላ የመጣ ዋጋ ውጭ ነው፤ ለወንድሜም ቢሆን አልከፍትም።

ቀላል ነው አልልም። የመጀመሪያው ቀን አንድ ዝተት 3፡50 ላይ ነው የተዘጋው፤ ልጆቼ ራት ሳይበሉ ጠበቁኝ። መብራት ወይም ኔትወርክ የሚጠፋበት ሰው አምስት ደቂቃም አትበቃውም። የእኔው ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ ጨረታው ለማግስቱ በዚያው ሰዓት እንደሚዞር ጽፌያለሁ። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ጨረታው ሲራዘም ሰው ይሞቃል፣ ከአቅሙ በላይ ይጽፋል፣ ጠዋት ሲነሳ መክፈል ያቅተዋል። ባንኮች በጋዜጣችሁ በሚያወጡት የሐራጅ ማስታወቂያ የመነሻውን ዋጋ አንድ አራተኛ በሲፒኦ፣ ማለትም በባንክ በተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ፣ የሚያስይዙት ለዚህ ነው። እኔ 500 ብር በቴሌብር አስይዛለሁ፤ ለተሸነፈው በዚያው ማታ እመልሳለሁ። በዚያው ማታ ነው የምላችሁ። ተሸንፎ ገንዘቡም ሁለት ቀን የተያዘበት ሰው ባይቆጣ ነው የሚገርመው።

ከባንኮቹ ማስታወቂያ ግን አንድ ነገር እንዳንቀዳ እለምናለሁ። «የተሻለ አማራጭ ከተገኘ ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው» የሚለውን። ትልቅ ድርጅት የራሱ ምክንያት ይኖረዋል። እኛ ትንንሾቹ ይህን ስንለጥፍ ግን ያ 10,000 ብር ይዞ ሌሊት በውስጥ የጻፈልኝ ሰው በሩ ክፍት ነው ማለታችን ነው። አንዳንድ ሻጮች ትርጉሙን እንኳ ሳያስቡት ነው የሚለጥፉት።

የተሸነፈውም ሰው እንዲደውል አልጠብቅም፤ እኔ ነኝ የምደውለው። ጨረታው ሲዘጋ ሁለተኛ ለወጣው ሰው ደውዬ በስንት እንደተወሰደ እነግረዋለሁ፣ የአሸናፊውን ስም ግን አልናገርም። ከተቆጣ እስኪጨርስ እሰማዋለሁ። «ሌላ ጊዜ ይቅናህ» ብሎ መሸኘት ሰውን ያናድዳል፤ ሰው የፈለገው ያንን በርኖስ እንጂ ሌላ ጊዜ አይደለም። ስለዚህ ተመሳሳይ ዕቃ ማሠራት የሚቻል ከሆነ በራሱ የመጨረሻ ዋጋ እንዲሠራለት እጠይቀዋለሁ። ይህም ኢቤይ ላይ አለ፤ አሸናፊው ካልከፈለ ወይም ሻጩ ሌላ ተመሳሳይ ዕቃ ካለው ለተሸነፈው ሰው እሱ ራሱ በሰጠው ዋጋ «ሁለተኛ ዕድል» ይሰጡታል። የእኛ ሸማኔዎች እጃቸው አለ፣ ሱፉም ከመንዝ በግ አልጠፋም። ልንሰጥ የምንችለው ነገር ነው።

ለሸዋ ሮቢቷ ሴት ከሦስት ሳምንት በኋላ ደወልኩላት። መጀመሪያ አላነሳችም። በማግስቱ አነሳች። ሦስት ሰዓት ከውስጥ ይሁን ከውጭ ሳልጽፍ ማጫረቴ ጥፋቴ እንደሆነ ነገርኳት፤ ዋጋዎቹ በየደቂቃቸው የሚታዩበትን ስክሪንሾትም ላኩላት። ዝም ብላ ቆየችና «እሱን ያን ቀን ብትነግሪኝ ምን ነበር?» አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። የሟቹ ሸማኔ ልጅ የአባቱን እጅ ተምሯል፤ ጥቁር ሱፍ ተለቅሞ እየተፈተለ ነው። በ7,200 ተስማምተናል። ሲያልቅና መንገዱ ሰላም ሲሆን በአውቶቡስ በጣርማበር አውርጄ ራሴ አደርስላታለሁ ብያለሁ።

አንዲት አንባቢያችሁ
ከደብረ ብርሃን