ተኝቶ መጓዝ ለታመመ ጉልበት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ዋሽንግተን የሚኖረው ልጄ ለጉልበቴ ሕመም አስቦ የቢዝነስ ክላስ ትኬት ስለቆረጠልኝ፣ በዐቢይ ጾም ከደብረ ማርቆስ ተነሥቼ፣ የዓባይን በረሃ ተሻግሬ ቦሌ ደረስኩና አትላንቲክን ተኝቼ ለመሻገር በቃሁ። ይሁን እንጂ የወንበሩ ቁልፎች ምልክት ብቻ ስለነበራቸው፣ አጠገቤ ያለችው ልጅ «አባባ፣ ይህችን ይጫኑ» እስክትለኝ ድረስ ሁለት ሰዓት ያህል ቀጥ ብዬ ተቀምጬ ነበር። ቁልፉን ስጫን መቀመጫው ቀስ ብሎ ወደ ፊት ተንሸራተተ፣ መደገፊያው ወረደ፣ እግሬም ተዘረጋ፤ ጉልበቴን ሳያመኝ ያደርኩት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው!

ያሳዘነኝ የምግቡ ጉዳይ ነው። የጾም ምግብ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት መታዘዝ እንዳለበት ትኬቱን የሸጠልን ቢሮ ስላልነገረን፣ በዳቦና በፍራፍሬ ብቻ ደረስኩ።

እኩዮቼ ከፍታውን ይፈሩታል። በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ግን ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር የሚመጣጠን ስለሆነ፣ ለደብረ ማርቆስ ሰው አዲስ አይደለም። የሚከብደው የአየሩ ድርቀት ነውና ውኃ ደጋግሞ መጠጣት፣ ደም በእግር እንዳይረጋም አልጋው ቢመችም እየተነሡ መንቀሳቀስ ያስፈልጋል።

ትኬት ሻጮች ይህን ሁሉ፣ የወንበሩን አጠቃቀም ጨምሮ፣ በአንድ ገጽ አማርኛ ጽፈው ለአዛውንት መንገደኞች ከትኬቱ ጋር እንዲሰጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ጡረተኛ መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ