ይድረስ ለጋሼ፣ ጎንደር

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ቅባቱን ማታ ማታ ይቀቡታል ወይስ እንደ መነጽሩ መሳቢያ ውስጥ ነው?

እኛ ደህና ነን። ትንሿ «የአያቴ ከተማ» ብላ ግንብ ስላ መጣች። አራቱም ጉልላት ድፎ ዳቦ ይመስላሉ። ማን ሠራው ስትለኝ ሳላስበው በእርስዎ ድምፅ መለስኩላት፦ «ዐፄ ፋሲል! ከተማይቱን የቆረቆሩት በ1628 ዓ.ም.!»

እሑድ በስልክ ግን ያንኑ ግንብ የኢያሱ ነው አሏት። ዝም አልኩ። ጣልያን ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው መቼ ነው ብትልዎት ደግሞ «ቆይ... ቆይ» አሉ። ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው፣ ጋሼ። ከልደቴ ይበልጥ የሚያውቁት ቀን ነበር እኮ። የደብረ ብርሃን ሥላሴን ንቦች፣ ደርቡሽን እንዴት እንዳባረሩት፣ ሳይዛነፍ ነገሯት። እሱስ ደስ አለኝ።

ጎረቤት ደውላልኝ ነበር። ከቅዳሜ ገበያ ሲመለሱ ጃንተከል ዋርካ ሥር ቆመው አገኘችዎት አሉ። የቤቱ መንገድ ጠፍቶዎት። እርስዎ «አረፍ ልበል ብዬ ነው» አሉኝ። እሺ።

የስምንተኛ ክፍል ውጤቴ የመጣ ዕለት ትዝ ይልዎታል? ጣልያን ከሠራው ፖስታ ቤት እስከ ግንቡ በር በሩጫ መጣሁ። ፈረንጆች ይዘው የእንግሊዝ ቦምብ የኢያሱን ግንብ ምን እንዳደረገው እያስረዱ ነበር። «ጋሼ!» ብዬ ተጣራሁ። አንዱ ፈረንጅ ልጅህ ናት ወይ ሲልዎት በእንግሊዝኛ «የሠፈር ልጅ ናት» አሉ። ገብቶኛል። እንግሊዝኛውን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

ያ ጫማዬ የተቀደደ ስለነበር ይሆናል። ወይ ጉርሻው እንዳይቀር። በዚያ ጉርሻ ነው የተማርኩት፤ አውቃለሁ። ውጤቱን ማታ አየሁት ብለው ራሴን ዳበሱኝ፤ እኔ ግን የተኛሁ መሰልኩ። እስከ ዛሬም እንደዚያው ነኝ መሰለኝ።

ለከተራ እመጣለሁ። ሐኪም ጋ አብረን እንሄዳለን፤ «ምንም አልሆንኩ» የሚለውን ነገር ይተዉት። ቀጠሮ ይዣለሁ። ትንሿንም ይዣት እመጣለሁ፤ ግንቡን ያሳዩዋታል። ቢሳሳቱም ግድ የለም፣ እኔ ከኋላ አለሁ። ሰው ማን ናት ካለዎት የልጄ ልጅ ናት ይበሉ።

የጋዙን ሲሊንደር ማታ መዝጋት አይርሱ።

ልጅዎ