ተረቶችሽን ለመሸጥ ላሰብሽው ልጄ

አዲስ አበባ፣ አራት ኪሎ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ውድ ልጄ፣

ትናንት ማታ ለታናሽ ወንድምሽ የጻፍሻቸውን ተረቶች በፒዲኤፍ አዘጋጅተሽ በቴሌግራም ለመሸጥ እንዳሰብሽ ስትነግሪኝ፣ እራት እያቀረብሁ ስለነበር «እናያለን» ብዬ አለፍሁሽ። በቤታችን «እናያለን» ብዙ ጊዜ «አይሆንም» ማለት እንደሆነ ስለምታውቂ ፊትሽ ወዲያው ሲጠቁር አይቻለሁ። እንደዚያ ማለቴ አልነበረም፤ እንድትሸጪ ፈቅጄልሻለሁ፣ ላግዝሽም እፈልጋለሁ። ነገር ግን በዚህች የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት የሰው ጽሑፍ ስተይብ የኖርሁ ሴት ነኝና፣ አንድ ፋይል ከባለቤቱ እጅ ከወጣ በኋላ ምን እንደሚሆን ከአንቺ ይልቅ እኔ አይቻለሁ።

ለገሃር አካባቢ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች መጽሐፍ የገዛ ሰው ለጓደኛው ቢያውሰው መጽሐፉ ከራሱ መደርደሪያ ይጎድልበታል፤ ፋይል ግን ለመቶ ሰው ቢሰጡትም አይጎድልም። የታላላቅ ደራስያን መጻሕፍት ሳይቀሩ ገጽ በገጽ ፎቶ ተነሥተው በቴሌግራም በነጻ ሲዘዋወሩ አንቺም ታያለሽ። ቴሌግራም በቻናል የተለጠፈ ነገር እንዳይቀመጥና ወደ ሌላ እንዳይላክ የሚከለክል ማስተካከያ ቢኖረውም፣ ፋይሉን አንድ ጊዜ በእጁ ያስገባ ገዢ በፈለገው መንገድ ለሌላ ሊያሻግረው ይችላል። ስለዚህ በአንድ ተረት ብቻ ወደ ገበያ አትውጪ። ቢያንስ ስድስት ተረት ጨርሰሽ አስቀምጪና አንዱን በነጻ ስጪ፣ ሌሎቹን በየወሩ ሽጪ። የመጀመሪያውን ለልጇ ያነበበችለት እናት የሚቀጥለውን ከማን እንደምታገኝ እንድታውቅ፣ የቻናልሽና የብዕር ስምሽ በመጀመሪያው ገጽ ብቻ ሳይሆን በመጨረሻውም ገጽ ይስፈር።

ስለ ገዢዎችሽ ደግሞ አንድ ነገር ልጠቁምሽ። አንቺ የምታስቢው የክፍል ጓደኞችሽን ነው፤ እነርሱ ግን ገንዘብ የላቸውም፣ ቢኖራቸውም ለተረት አያወጡትም። ወደ ሱቃችን የሚመጡ ወላጆች ዘወትር የሚጠይቁኝ «ለሁለተኛ ክፍል ልጅ የሚሆን አጭር የአማርኛ ምንባብ ከነጥያቄው አለሽ?» እያሉ ነው። ልጆቻቸው ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ ሲማሩ ውለው፣ ማታ አንድ ገጽ አማርኛ ለማንበብ ፊደል እየቆጠሩ ይንገዳገዳሉ። የአንቺ ተረቶች አጫጭሮች ናቸው፣ ዓረፍተ ነገሮቻቸውም ለወንድምሽ አፍ የተለኩ ናቸው። ከእያንዳንዱ በስተኋላ አምስት ጥያቄና የአዳዲስ ቃላት ፍቺ ብትጨምሪበት ወላጅ በደስታ የሚከፍልበት ነገር ይሆናል። ዋጋውን 40 ብር አድርጊው፤ 25 ወላጅ ቢገዛሽ 1,000 ብር ነው። ይህንኑ በወረቀት ብናሳትመው ማተሚያ ቤት በመቶዎች የሚቆጠር ቅጂ ካላዘዝን በሚያዋጣ ዋጋ ስለማይሠራልን፣ ገንዘቡን ገና አንድ ገዢ ሳይመጣ መክፈል ይኖርብን ነበር።

አሁን ወደ ፋይሉ ልምጣ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ዝም ብዬ ላልፍሽ አልችልም። የላክሽልኝ ተረት በኤ ፎር ገጽ የተዘጋጀ ነው። ዛሬ ጠዋት ፎቶ ኮፒ ልታስነሣ ለመጣች አንዲት እናት በስልኬ ከፍቼ ሰጠኋት፤ በሁለት ጣቷ አስፍታ አንዱን መስመር እስከ ግማሽ ታነብባለች፣ ወደ ቀኝ ትጎትታለች፣ ከዚያ ቀጣዩን መስመር ለማግኘት እንደገና ወደ ግራ ትመለሳለች። በሦስተኛው መስመር ላይ ስልኩን መለሰችልኝ። ተረትሽ ደካማ ሆኖ አይደለም፤ ገጹ ለስልክ ስላልተለካ ነው። ገጹን አሳንሰሽ ፊደሉን አተልቂ፤ በመስመሮች መካከልም ሰፋ ያለ ክፍተት ተዪ፤ ምክንያቱም የእኛ ፊደል ሲጠጋጋ ለሕፃን ዓይን «ሰ»ና «ለ»፣ «ጸ»ና «ጰ» ይመሳሰሉበታል። ዩኒኮድ የሆነ፣ ማለትም በየትኛውም ስልክና ኮምፒውተር ፊደሉ ሳይለወጥ እንዲነበብ በተደረገው የጋራ አሠራር የተሠራ የፊደል ቅርጽ ተጠቀሚ፤ ኖቶ ወይም አቢሲኒካ ይበቃሻል። በቀድሞዎቹ ዩኒኮድ ያልሆኑ ቅርጾች የተተየበ ጽሑፍ በፍላሽ ይዘው የሚመጡ ደንበኞች አሉኝ፤ ያ ቅርጽ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ሙሉው ገጽ የላቲን ፊደልና የምልክት ቅልቅል ይሆንና የደከሙበትን እንደ አዲስ ሲያስተይቡ አያለሁ።

የባለቤትነቱን ነገር በቀላሉ እንዳታዪው። በአንቺ ዕድሜ ሳለሁ ግጥሞቼን የጻፍሁበትን ደብተር ለአንድ መጽሔት አዘጋጅ ሰጥቼ ነበር። ደብተሩ አልተመለሰልኝም፤ ከወራት በኋላ ከግጥሞቹ አንዱን በሌላ ሰው ስም ታትሞ አነበብሁት፤ ቅጂ ስላላስቀረሁ ለክርክር የማቀርበው አንድ ገጽ እንኳ አልነበረኝም። ዛሬም ስጽፍልሽ ያቃጥለኛል። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራሽ ወጥ፣ ማለትም ከሌላ ያልተቀዳ የራስሽ፣ እስከሆነና በጽሑፍ እስከሰፈረ ድረስ ያለ ምዝገባ ጥበቃ ያገኛል፤ የገንዘብ መብቱም በሕይወት እስካለሽና ከዚያም በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። ሕጉ መኖሩ ግን ማስረጃ ከመያዝ አያድንሽምና፣ የሰረዝሽበትን ረቂቅ ከነደብተሩ አስቀምጪ፣ የተጠናቀቀውንም ከመልቀቅሽ በፊት በኢሜይል ወደ እኔ ላኪው፤ ቀኑ ይመዘገባል። በዚያው ልክ የሌላውንም መብት ጠብቂ። የጅቡና የአህያዪቱ ተረት የሁላችንም ነው፣ በራስሽ አነጋገር ልትተርኪው ትችያለሽ፤ ከታተመ የተረት መጽሐፍ ቃል በቃል መገልበጥ ግን አይፈቀድልሽም፣ ከመማሪያ መጽሐፍ የተቀዳ ማስታወሻ መሸጥም እንዲሁ።

ጽሑፍሽ ጥሩ እንደሆነ ሲታወቅ፣ ብዙ ገንዘብ ይዘው የሚመጡት መጀመሪያ ተረት ፈላጊዎች አይሆኑም። «አሳይመንት ጻፊልኝ» የሚሉሽ ይሆናሉ። ወደ እኔም ይመጣሉ፤ ለመተየብ ከምጠይቀው እጥፍ ድርብ እየጨመሩ ለመጻፍ ይለምኑኛል። አንድም ቀን እሺ ብዬ አላውቅም፣ ለአንቺም አልፈቅድም። በሌላ ሰው ስም የሚቀርብ ሥራ ለአንቺ ስም አያተርፍልሽም፤ የሚገዛውም ተማሪ ሊማረው የነበረውን በገንዘቡ ያጣል።

ስለ ውጭ ገበያ ጠይቀሽኝ ነበር። አማዞን የዲጂታል መጽሐፍ የሚሸጥበት የኪንድል መደብር ዋጋው ከ2.99 እስከ 9.99 ዶላር ለሆነ መጽሐፍ እስከ 70 በመቶ ለጸሐፊው ይከፍላል፤ ሆኖም ከሚቀበላቸው ቋንቋዎች መካከል አማርኛ የለም፣ አካውንቱንም መክፈት ያለበት 18 ዓመት የሞላው ሰው ነው። ለጊዜው እንተወው።

ገንዘቡ በእኔ ቴሌብር ይግባ፤ ገና 16 ዓመትሽ ስለሆነ በሕግ ፊት ስለ አንቺ የምዋዋለው እኔ ነኝ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት ከማናውቀው ሰው 40 ብር ለመቀበል ምን ያህል እንጉላላ እንደነበር ስለማስታውስ፣ ይህ ዕድል ለአንቺ በመገኘቱ ደስ ይለኛል። ሆኖም ገዢ የላከልሽን የደረሰኝ ፎቶ ብቻ አይተሽ ፋይሉን አትልቀቂ፤ ፎቶ ይቀነባበራል። በእኔ ስልክ ከቴሌብር ቁጥር ከ127 መልእክት ሲገባ እነግርሻለሁ፣ ያን ጊዜ ትልኪያለሽ። ገዢና ገቢውን በአንድ ደብተር መዝግቢ፤ እኔ ከገቢው አንዲት ሳንቲም አልነካም። በቴሌግራም የስልክ ቁጥርሽ ለማንም እንዳይታይ አድርጊ፤ ፎቶሽን፣ የትምህርት ቤትሽን ስምና ሰፈራችንን አትጻፊ። «በአካል እንገናኝ» ወይም «ፎቶሽን ላኪልኝ» የሚል ገዢ ቢመጣ፣ ገንዘቡን ከፍሎ እንኳ ቢሆን፣ መልስ ሳትሰጪ ስልኩን ይዘሽ ወደ እኔ ነዪ። አልቆጣሽም።

ቅዳሜ ከአብርሆት ቤተ መጻሕፍት ስትወጪ በቀጥታ ወደ ሱቅ ነዪ። ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ስለሚቀንስ ኮምፒውተሩን እለቅልሻለሁ። ስለ እርግቧ የጻፍሽውን ተረት ለስልክ በሚሆን ገጽ አብረን እናስተካክለዋለን፤ የመጀመሪያውን መጨረሻ የሰረዝሽበትን ደብተርም ይዘሽ ነዪ፤ ወንድምሽ ያ መጨረሻ ይሻላል እያለ ነው፣ እኔም ሳነበው ከእርሱ ጋር ተስማምቻለሁ።

እናትሽ