የመጠጥ ቤት ጨዋታ መባሉ ልክ ነው፤ መንግሥት አቋቋመው መባሉ ግን አይደለም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ጀርመን የስፖርት ክለቦች ያወጣችሁትን ሰፊ ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ስለ እግር ኳሱ የተባለውን ለሚያውቁት ልተወው። እኔን ብዕር ያስነሣኝ ወደ መጨረሻው ላይ ቢሊያርድን የነካችሁባት አንቀጽ ናት። ሦስት ዐረፍተ ነገር ብትሆን ነው። ጸሐፊው በአንደኛው ቢሊያርድ «የመጠጥ ቤት ጨዋታ» እንደነበረ፣ በሁለተኛው ጀርመኖች ወደ ስፖርትነት እንዳሳደጉት፣ በሦስተኛው ደግሞ ይህ የሆነው «መንግሥት ክለቦችን ስላቋቋመለት» እንደሆነ ይነግረናል። የመጀመሪያውን እቀበላለሁ። ሁለተኛውም ይሁን። ሦስተኛው ግን አላስተኛኝም። ቦኩም ከምትባለው ከተማ አጠገብ ስኖር ሃያ ስምንት ዓመት ሆኖኛል፤ አሥራ ዘጠኙን ዓመት የአንድ ትንሽ የቢሊያርድ ክለብ አባል ሆኜ በየወሩ መዋጮ ከፍያለሁ። ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍ። (ዓመቶቹንም፣ ወሮቹንና ቀኖቹንም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።)

መጀመሪያ የምንስማማበትን። ቦኩም ባለችበት፣ የከሰልና የብረት ሥራ ይበዛበት በነበረው የሩር አካባቢ አሮጌ ክለቦችን ታሪካቸውን ብትጠይቁ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻው አንድ የመጠጥ ቤት የጓሮ ክፍል ነው። ነገሩ ቀላል ንግድ ነበር። ባለቤቱ በኋላኛው ክፍል ጠረጴዛ ያስቀምጣል፤ ለክፍሉ ኪራይ ከመጠየቅ ይልቅ ቢራውን ይሸጣል። ቀን ከሰል ሲቆፍር ወይም ብረት ሲያቀልጥ የዋለ ሰው ማታ እጁን ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ይመጣል። ዛሬም በእኛ ክለብ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ብርጭቆ ያስቀመጠ ሰው ስንት እንደሚቀጣ በግድግዳው ላይ ተጽፏል፤ ቅጣቱም ወደ ጋራ ሣጥን ይገባል። ከመጠጥ ቤቱ ዘመን የቀረን ቅርስ ይመስለኛል።

ቦኩምን ራሷን እንውሰድ። ከከተማዋ የታወቁ ክለቦች አንዱ የተወለደበትን ዓመት በስሙ ላይ ተሸክሞ ይዞራል፤ ዴ.ቤ.ሴ. ቦኩም 1926 ይባላል። እስቲ ያን ዓመት አስቡት። በ1923 የፈረንሳይና የቤልጅግ ወታደሮች የጦር ካሣችን በወቅቱ አልተከፈለንም ብለው ሩርን ያዙ። በዚያው ዓመት የጀርመን ማርክ ዋጋ አጥቶ አንድ ዳቦ በቢሊዮኖች ይሸጥ ጀመር። ወታደሮቹ ሩርን ለቀው የወጡት በ1925 በጋ ነው። በቀጣዩ ዓመት እዚያች ከተማ ውስጥ ኳስ ከኳስ ማጋጨት የሚወዱ ሰዎች ተሰባስበው ክለብ መሠረቱ። በዚያን ጊዜ የነበረው መንግሥት ስለ ቢሊያርድ የሚያስብበት ፋታ የነበረው አይመስለኝም።

መንግሥት ያደረገው ነገር የለም አልልም፤ ሕግ አውጥቷል። ከ1900 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሰባት ሰዎች መተዳደሪያ ደንብ ጽፈው አመራር ከመረጡ ማኅበራቸውን በፍርድ ቤት መዝገብ ማስመዝገብ እንደሚችሉ ይደነግጋል። የተመዘገበ ማኅበር በራሱ ስም ክፍል ይከራያል፣ የባንክ ሒሳብ ይከፍታል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል። አባላቱ ከሦስት በታች ሲወርዱ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ሕጋዊ ሰውነቱን ይነሣዋል። እድር ባለበት ቤት ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ጀርመንኛ አያስፈልገውም። እኔ የመጀመሪያውን ጠቅላላ ጉባዔ የተካፈልኩ ዕለት ከሚባለው ግማሹ አልገባኝም ነበር፤ የሆነውን ነገር ግን አንድም ሳይቀር ተረድቼዋለሁ። ገንዘብ ያዡ ወጪውን አነበቡ። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡና የመምቻ ዘንጎቻችንን ጫፍ የምንቀባበት የጠመኔ ወጪ ከአምናው ለምን በለጠ ብለው ጠየቁ። በጠመኔ ላይ ግማሽ ሰዓት ተከራከሩ። አባቴ የሰፈራችን እድር ገንዘብ ያዥ ነበር፤ ስለ ጎደሉ ሁለት ወንበሮች እስከ ምሳ ሰዓት ሲጨቃጨቁ በልጅነቴ አይቻለሁና ያን ጊዜ አገሬ የገባሁ መሰለኝ።

ገንዘቡ ወዴት ይሄዳል ለሚል ጠረጴዛውን ላሳየው። አዲስ አበባ ውስጥ በየፑል ቤቱ እንደምናየው ቀዳዳ ያለው አይደለም። እነሱ ካራምቦል የሚሉት፣ እኛ ከጣሊያኖች ስሙን ወስደን ካራምቡላ ካልነው ጋር የሥጋ ዝምድና ያለው ጨዋታ ነው። ኳሶቹ ሦስት ብቻ ናቸው፤ በራስህ ኳስ ሁለቱን ሌሎች መንካት አለብህ። የትልቁ ጠረጴዛ መጫወቻ 2 ሜትር ከ84 ሴንቲ ሜትር በ1 ሜትር ከ42 ነው፤ ከጨርቁ ሥር የተላገ ወፍራም ድንጋይ ተነጥፏል። ድንጋዩም በኤሌክትሪክ ይሞቃል። ጨርቁ እርጥበት ከሳበ ኳሱ ይንቀረፈፋል፤ ሦስት ጊዜ ከጠርዝ ተላትሞ መመለስ የሚገባው ኳስ ሁለተኛው ላይ ይሞታል። ጀማሪ ሳለሁ መዳፌን በጨርቁ ላይ ባሳረፍኩ ጊዜ የተኛች ድመት ጀርባ የነካሁ መስሎኝ እጄን መልሼ አነሣሁ።

እግረ መንገዴን በጨርቁ ላይ ስለሚሳሉት መስመሮች ልናገር፤ ይህን ነገር እወደዋለሁ። የጥንቶቹ ጌቶች ኳሶቹን ጠርዝ ላይ አስጠግተው በቀስታ እየገፉ ነጥብ ላይ ነጥብ ይቆልሉ ነበር። ተቀናቃኙ ቁጭ ብሎ ከማየት በቀር የሚያደርገው የለም። ለዚህ የተገኘው መላ በጨርቁ ላይ መስመር መሳል ነው። በአንደኛው ዓይነት ጨዋታ መስመሩ ከጠርዙ 47 ሴንቲ ሜትር ርቆ ይሳላል፤ መስመሮቹ በሚሠሩት በአንድ ሳጥን ውስጥ ሁለተኛውን ነጥብ ስታገባ ከሁለቱ ኳሶች ቢያንስ አንዱን ከሳጥኑ ማስወጣት ግድ ይሆንብሃል። ሦስት ጠርዝ የሚባለው፣ እኔም የምጫወተው ዓይነት ደግሞ መስመር የለውም፤ በምትኩ ኳስህ የመጨረሻውን ኳስ ከመንካቱ በፊት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ጠርዝ መምታት አለበት። በዚህ ጨዋታ በአንድ ተራ በአማካይ አንድ ነጥብ የሚያገባ ሰው በክለባችን እንደ ሊቅ ይታያል። የእኔን አማካይ አትጠይቁኝ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልመለስ። የጀርመን መንግሥት በክለቦች ውስጥ በርግጥ እጁን ያስገባበት ዘመን ነበር። ናዚዎች በ1933 ሥልጣን እንደያዙ የሠራተኛው ስፖርት ማኅበራት ተዘጉ፤ አይሁዳውያን አባላት ከየክለቡ ተባረሩ፤ ሊቀመንበርን በድምፅ መምረጥ ቀርቶ ከላይ የተፈቀደለት «መሪ» መጣ፤ ስፖርቱም በሞላው በአንድ የመንግሥት ድርጅት ሥር ተጠቃለለ። ጸሐፊያችሁ «መንግሥት አቋቋመው» ሲል ይህ እንዳልታሰበው አውቃለሁ። እዚህ አገር ግን ይህን ቃል ለአንድ አሮጌ የክለብ ሰው ብትሉት ወዲያው የሚታሰበው ያ ዘመን ነው።

የክለባችን የጥንት ቃለ ጉባዔ መዝገብ የለም። የቀረን ለአንድ የምሥረታ በዓል የታተመች ቀጭን መጽሐፍ ናት። የ1932ን የውድድር ውጤት ከነአማካዩ፣ ከነጥብ በኋላ እስከ ሦስት አሃዝ ድረስ ትዘረዝራለች። ቀጥሎ ያለው ዐረፍተ ነገር «ከአስቸጋሪዎቹ የጦርነት ዓመታት በኋላ» ብሎ ይነሣና 1949 ላይ ያርፋል። አሥራ ሰባት ዓመት በአንድ ነጠላ ሰረዝ ታለፈ። የማን ስም ከአባላት ዝርዝር ተሰረዘ? መሰረዣውን ማን ፈረመ? አንድ ቀን ከእኛ በዕድሜ የሚበልጡትን አባል ጠየቅኋቸው። «ያን ጊዜ እኔ ልጅ ነበርኩ» አሉኝና የመምቻ ዘንጋቸውን ጫፍ ጠመኔ መቀባት ጀመሩ። ከሚገባው በላይ ረጅም ጊዜ ቀቡት። እኔም ደግሜ አልጠየቅሁም፤ አለመጠየቄ ልክ ይሁን ስሕተት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ቦኩም ኅዳር 4 ቀን 1944 ሌሊት በእንግሊዝ አውሮፕላኖች ክፉኛ ተደበደበች። ጦርነቱ ሲያልቅ ደግሞ ድል አድራጊዎቹ መንግሥታት ታኅሣሥ 17 ቀን 1945 ባወጡት ቁጥር 23 መመሪያ ጀርመን እጅ ከመስጠቷ በፊት የነበሩትን የስፖርት ድርጅቶች ሁሉ አፈረሱ። በአካባቢ ደረጃ፣ ያውም በፈቃድ፣ ካልሆነ በቀር ክለብ የሚባል ነገር አልነበረም። ስለዚህ ሰባት ሰው መፈላለግ እንደገና ተጀመረ። ይህን ክፍል ሽማግሌዎቹ ደስ እያላቸው ያወራሉ፤ ስለ ፍርስራሽ ማውራት ስለ ዝርዝሩ ከማውራት ይቀላል።

በምሥራቅ ጀርመን የነበረውን በተመለከተ ጸሐፊያችሁ በከፊል ልክ ነው፤ ይህን አልክድም። እዚያ ክለቦቹ በፋብሪካና በመሥሪያ ቤት ሥር ነበሩ፤ ስማቸውም ሞተር፣ ሎኮሞቲቭ፣ ኬሚ የሚል ነበር። በጠረጴዛው መሃል አምስት ትንንሽ ዘንጎች አቁመው በኳስ የሚጥሉበት የራሳቸው ጨዋታም ነበራቸው፤ ጣሊያኖችም አምስት ዘንግ የሚያቆሙበት የየራሳቸው ዓይነት አላቸው። ከ1990 በኋላ በብዙ ቦታ ፋብሪካው ሲዘጋ ክፍሉም አብሮ ሄደ፤ የተረፉት መዋጮ መሰብሰብ የጀመሩት ናቸው።

እኛስ እንዴት ተረፍን? በአንድ በኩል በእንግዶች። ምዕራብ ጀርመን ከቱርክ ሠራተኞችን ለማምጣት የተፈራረመችው በጥቅምት 1961 ነው፤ በቀጣዩ ዓመት ኦፔል በቦኩም የመኪና ፋብሪካ ከፈተ። የከተማዋ የመጨረሻ የከሰል ጉድጓድ በ1973 ተዘጋ፤ የኦፔልም ፋብሪካ በ2014 መጨረሻ ተከተለው። ቱርኮች ሦስት ጠርዝ ነፍሳቸው ነው። እኔን ጨዋታውን ያስተማሩኝ ከዚያ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ አንድ ቱርካዊ አባት ናቸው። በ2003 ቱርካዊው ሰሚህ ሳይግነር በሦስት ጠርዝ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ለመላው ክለብ ሻይ የጋበዙበትን ማታ አልረሳውም። ሲያስተምሩኝም ቃል አያበዙም ነበር፤ ኳሱ የሚያርፍበትን የጠርዝ ነጥብ በጣታቸው ይነኩና «እዚህ» ይላሉ። ክረምት ሲመጣ አንዳንዴ አብረን ፊርዘን ወደምትባለው ከተማ እንሄዳለን፤ የአገራት የሦስት ጠርዝ ቡድኖች የዓለም ሻምፒዮና ከ1990 ጀምሮ የሚካሄደው እዚያ ነው።

ወጣቶቹ ግን ቀዳዳ ያለውን ጠረጴዛ ይመርጣሉ። አልፈርድባቸውም፤ ቦኩም ውስጥ የተወለደው ጆሹዋ ፊለር በ2018 ዶሃ ላይ የዘጠኝ ኳስ ፑል የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ገና 21 ዓመቱ ነበር።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ለሕዝብ ጥቅም ቆሟል የተባለ ክለብ የግብር እፎይታ ያገኛል፤ ማዘጋጃ ቤቶችም አንዳንድ ጊዜ አዳራሽ በርካሽ ይሰጣሉ። ይህ እርዳታ ነው፤ ማቋቋም ግን ሌላ ነገር ነው። በ2022 ክረምት የኤሌክትሪክ ዋጋ ሲንር ጠረጴዛዎቹን ማሞቅ ያስፈራን ጀመር። ከአራቱ ሁለቱን አጠፋን፤ በቀሩት ሁለት ላይ በተራ፣ ካፖርት እንደለበስን ተጫወትን። መዋጮ ይጨመር አይጨመር ብለን እጅ አውጥተን ቆጠርን፤ በአንድ ድምፅ ብልጫ ተጨመረ። የተቃወሙትም ከፈሉ።

ስለዚህ ሦስተኛዋን ዐረፍተ ነገር በሚቀጥለው እትማችሁ እንድታርሙልኝ እጠይቃለሁ። ጸሐፊው ወደዚህ አካባቢ የመምጣት ዕድል ካለው ሐሙስ ማታ ክለባችን ክፍት ነው። ጠረጴዛው እስኪሞቅ ሰዓታት ስለሚወስድ ግን ከዋዜማው ይንገረኝ፤ ብርጭቆውንም ከጠርዙ ያርቅ፤ ሐሙስ ሐሙስ ቅጣቱን የምሰበስበው እኔ ነኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከሩር፣ ጀርመን