ብርሃን በወርቅ ገጽ ላይ ምን ያህል ይጓዛል?

ለአዘጋጁ፦

በናኖ መጠን በተቀረጹ ብረታ ብረቶች ብርሃንን ስለመቆጣጠር ያወጣችሁት ጽሑፍ አንድ ትልቅ ነገር ዘሏል፤ እሱም የብርሃኑ ጉልበት ብክነት ነው። ጽሑፉ የብርሃን ቺፕ (በኤሌክትሪክ ፈንታ በብርሃን የሚሠራ ቺፕ) ዛሬ ነገ ሳይባል ኤሌክትሮኒክሱን እንደሚተካ አድርጎ አቅርቧል። በዚህ አልስማማም።

ብርሃን በወርቅ ወይም በብር ገጽ ላይ ካሉ ኤሌክትሮኖች ጋር አብሮ ሲወዛወዝ ፕላዝሞን የሚባል ሞገድ ይፈጠራል። ሞገዱ ከገጹ ጋር ተጣብቆ ስለሚሄድ ተራ ሌንስ ከማይደርስበት ጠባብ ቦታ ማስገባት ይቻላል። ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ኤሌክትሮኖቹ ሲንቀሳቀሱ ጉልበቱ ወደ ሙቀት ይለወጣል። በዓይን በሚታይ ብርሃን ሞገዱ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት አሥር ማይክሮሜትሮች (አንዱ ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ተጉዞ ይከስማል። ይበልጥ ባጠበቡት ቁጥር ደግሞ ቶሎ ይጠፋል። ቅርጹን ማሻሻል ብቻውን ይህን አይፈታም፤ የብረቱ ባሕርይ ነውና።

መስኩ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 ተመራማሪው ቶማስ ኤብሰንና ባልደረቦቹ ከብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ያነሱ ቀዳዳዎች በተደረደሩበት ስስ የብር ንጣፍ ከተጠበቀው እጅግ የበለጠ ብርሃን እንደሚያልፍ አሳይተዋል። ድንቅ ግኝት ነው። በመመርመሪያ መሣሪያዎችማ ፕላዝሞን ዛሬም ሥራ ላይ ነው፤ ፕሮቲን በወርቁ ገጽ ላይ ሲጣበቅ ሞገዱ ይለወጣል፣ መሣሪያውም ለውጡን ያነባል። እዚያ ረጅም ጉዞ አያስፈልግም።

ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ስትጽፉ የብረቱ ዓይነት፣ የብርሃኑ የሞገድ ርዝመትና ሞገዱ ሳይከስም የሚጓዘው ርቀት አብረው ይጠቀሱ።