ለደንበኞቻችን፦ ማሊያችሁ ለምን ዘገየ? ቀብዳችሁስ የት አለ?

ደብረ ብርሃን፣ ሰኔ 2012 ዓ.ም.

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፤

ጤና ይስጥልን። ለፋሲካው የሰፈር ዋንጫ ማሊያና ቁምጣ አዝዛችሁ፣ የዋጋውን ግማሽ ቀብድ ከፍላችሁ እስካሁን አልተረከባችሁም። ብዙዎቻችሁ ደውላችሁ ጠይቃችሁናል። እስከ በራችን መጥታችሁ፣ የእናንተ ማሊያ ሊቆረጥበት በነበረው ጠረጴዛ ላይ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ተከምሮ አይታችሁ የተመለሳችሁም አላችሁ። ሳትጠይቁን አስቀድመን መናገር የነበረብን እኛ ነን፤ ስለዚህም ይቅርታ እንጠይቃለን።

ከሁሉ በፊት ገንዘባችሁ አለ። ከፊሉ ከአዲስ አበባ ተገዝቶ በመጣ የማሊያ ጨርቅ መልክ መደርደሪያችን ላይ ተቀምጧል፤ ቀሪው ባንክ ነው። ለመሸፈኛው ሥራ ከእሱ አንድ ብር አልነካንም።

የሆነውን ታውቁታላችሁ። መጋቢት 4 ቀን በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ የስፖርት ውድድርም ቆመ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብም ተከለከለ። የሰፈር ዋንጫው ተስፋም አብሮ ተቆረጠ። እኛም የስፌት መኪኖቻችንን ሸፍነን ቤታችን ተቀመጥን።

በዚያ ሰሞን የሰፈራችን የእግር ኳስ ክለብ አሰልጣኝ ደብተር ይዞ መጣ። ደብተሩ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ አይደለም፤ ተጫዋቾቹ በየዓመቱ ለማሊያና ለኳስ መግዣ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ መዋጮ የሚሰበስቡበት ነው። ማን 10 ብር እንደሰጠ፣ ማን «ዘንድሮ የለኝም፣ ልጆቼ» ብሎ መርቆ እንደሸኛቸው ተጽፎበታል። የትኛው ግቢ ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት እንዳሉ፣ የትኛው ቤት በቀን ሥራ እንደሚያድር የሚያውቁት እነዚህ ልጆች ናቸው። ቀበሌም እድርም የየራሳቸው መዝገብ አላቸው። ነገር ግን ትናንት መጥቶ አንዲት ክፍል የተከራየ ሰው ብዙውን ጊዜ እድር አልገባም፤ ቀበሌም አያውቀውም። መዋጮ ሰብሳቢዎቹ ግን የእሱንም በር አንኳኩተዋል። ማዕድ ማጋራት በተጀመረ ጊዜ ክለቡ ከማንም ቀድሞ ችግረኛውን ቤት ያገኘው በዚህ ነው ብለን እናምናለን።

ተጫዋቾቹ በስልክ ተመካክረው፣ ለዳኛ አበልና ለጉዞ ያጠራቀሙትን የክለቡን ገንዘብ ለሳሙና፣ ለሽሮና ለዘይት ለማዋል ተስማምተው ነበር። ከእኛ የጠየቁት ሁለት ነገር ነው፦ ዕቃ ማስቀመጫ ክፍላችንንና፣ መሸፈኛ እንዲሰፋባቸው፣ የስፌት መኪኖቻችንን። ሁለቱንም ሰጠናቸው። ሚያዝያ 11 ቀን ፋሲካ ሲውል ቤታቸው ባዶ የነበረ ሰዎች ሽሮና ዘይት በደጃቸው አግኝተዋል።

አጀማመሩ ግን ቀላል አልነበረም። የክለቡ የግራ ተከላካይ ሽሮና ሳሙና ይዞ ወደ አንዲት እናት ቤት ሲሄድ ከሠራተኞቻችን አንዷ አብራው ነበረች። ልጁ እንደተነገረው ዕቃውን ደጃፉ ላይ አስቀምጦ፣ ሁለት ትልልቅ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሽቶ ቆመ። እማማ በሩን ከፍተው ዕቃውን ሳይሆን እሱን እያዩ፣ «ልጄ፣ ምን አጥፍቼ ነው እንዲህ የምትሸሸኝ?» አሉ። ልጁ መልስ አጣ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ወደ ስፌት ቤቱ ተመለሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተጫዋቾቹ አሠራራቸውን ለወጡ፤ መጀመሪያ ከአጥር ውጭ ተጣርተው፣ «እማማ፣ እኔ ለእርስዎ ፈርቼ ነው የምርቀው» ብለው ያስረዳሉ፤ ከዚያም ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ትንሽ ያጫውቷቸዋል። ብቻቸውን ለሚኖሩት ከሽሮው ይልቅ የጠቀማቸው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ስለ መሸፈኛው የጠየቃችሁንም እንመልስ። የማሊያ ጨርቅ ቀዳዳ ስላለው ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ስለዚህ በመጀመሪያ በአቡጀዲ ብቻ በሁለት ድርብ ሰፋን። የዓለም ጤና ድርጅት ግንቦት 28 ቀን ሦስት ድርብ እንዲሆን ሲመክር እኛም ለወጥን፦ ውስጡ ጥጥ፣ ውጩ ከቱታ የተረፈ ፖሊስተር። ላስቲክ ሲያልቅብን ከጨርቁ ጠርዝ ማሰሪያ ቆረጥን፤ ለአዛውንቶች ጆሮ ደግሞ ይኸው ተሻለ። በየቀኑ ታጥቦ ይደረግ። ለአዛውንቶችና ለችግረኞች በነጻ ነው፤ ለሌላው የምናስከፍለው የጨርቁንና የሰፊዎቹን የቀን ወጪ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። በከተማችን አረቄ እጅ ላይ የሚያፈሱ ሰዎች አይተናል። እጅን የሚያጸዳው አልኮል ከ60 በመቶ ማነስ የለበትም፤ የቤት አረቄ እዚያ አይደርስም። ደብረ ብርሃን ላይ በጠዋት ቀዝቃዛ ውኃ መንካት እንደሚከብድ እናውቃለን፤ ቢሆንም ውኃና ሳሙና ይበቃል። ክለቡ በየመንደሩ ቧንቧ የተገጠመላቸው በርሜሎች አስቀምጧል፤ ተጫዋቾቹ በተራ ይሞሏቸዋል። በአጠገባችሁ ያለው ሲጎድል አንድ ጀሪካን ብትጨምሩበት ለእነሱ ትልቅ እገዛ ነው።

አሁን ምርጫው የእናንተ ነው። ቀብዳችሁን የምትፈልጉ ደረሰኛችሁን ይዛችሁ ኑ፤ በዕለቱ እንመልሳለን። ደረሰኝ የጠፋባችሁም አትጨነቁ፤ ስማችሁ ከመዝገባችን ላይ አለ። የምትጠብቁን ደግሞ ውድድር በተፈቀደ በሦስት ሳምንት ውስጥ ማሊያችሁን እናስረክባለን። መኪና በግማሽ ጭነት መጓዝ ከጀመረ ወዲህ ጨርቅ ተወዷል፤ ቀብድ የከፈላችሁ ግን የምትጨምሩት የለም፤ በድሮው ዋጋ እንሰፋላችኋለን።

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ክፍት ነን። ወደ ውስጥ የምናስገባው ሁለት ሁለት ሰው ስለሆነ በረንዳው ላይ ተራርቃችሁ ጠብቁን። የአዋቂዎች ልክ መዝገባችን ላይ ስላለ እንደገና መምጣት አያስፈልጋችሁም። የታዳጊ ቡድን ያዘዛችሁ ግን ከመስፋታችን በፊት እንደውልላችኋለን፤ ልጆቹ ከየካቲት ወዲህ አድገዋልና እንደ አዲስ እንለካቸዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የስፌት ቤቱ ባለቤትና ሠራተኞች