የጃንጥላው እጀታ በማን እጅ ይሁን?

ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የኅዋ ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት
ቪየና

ጉዳዩ፦ የፀሐይን ብርሃን ከኅዋ ለመጋረድ የሚደረግ ሙከራ ከመጀመሩ በፊት ደንብ እንዲወጣለት ስለመጠየቅ

ክቡራን የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎች፦

መሐንዲስ አይደለሁም፤ የሕግ ባለሙያም አይደለሁም። የምድርን ሙቀት ለመቀነስ ኅዋ ላይ መጋረጃ ስለ መዘርጋት የሚጻፈውን ለዓመታት ሲከታተል የቆየ አንባቢ ነኝ። በፊት በፊት ነገሩ ያስቀኝ ነበር፤ «ላም አለኝ በሰማይ» የሚለው ተረት ለዚህ ካልሆነ ለምን ሊሆን ነው እያልኩ። አሁን አልስቅም። መጋረጃው ነገ ተዘርግቶ ያድነናል ብዬ አይደለም። ቢዘረጋ ማን እንደሚያዝበት የሚናገር አንቀጽ ፈልጌ ስላጣሁ ነው።

ከምድር ወደ ፀሐይ አቅጣጫ 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ፣ አንድ አካል ከምድር እኩል ፀሐይን እየዞረ ዘወትር በሁለቱ መካከል ሊቆይ የሚችልበት ስፍራ አለ። የላግራንዥ አንደኛ ነጥብ ይሉታል። መጋረጃው ይቀመጣል የሚባለው በዚያው አቅራቢያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ተመራማሪው ጄምስ ኧርሊ ከጨረቃ አፈር የሚሠራና 2,000 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የመስታወት ጋሻ ሐሳብ አቀረበ። በ2006 የአሪዞና ዩኒቨርሲቲው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ሮጀር ኤንጀል አንዱን ግዙፍ ጋሻ ትቶ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ግራም ገደማ የሚመዝኑ በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ስስ ክቦችን እንደ ደመና መበተንን አሰበ፤ ምድር ከምታገኘው የፀሐይ ብርሃን 1.8 በመቶውን ለመቀነስ። ድምር ክብደታቸው 20 ሚሊዮን ቶን ነው። ዓለም አቀፉ የኅዋ ጣቢያ 420 ቶን ገደማ ስለሚመዝን፣ ይህ ከ47,000 በላይ ጣቢያዎችን የማምጠቅ ያህል ነው። እስቅ የነበረው እዚህ ላይ ነው።

በ2023 ደግሞ የሃዋይ ዩኒቨርሲቲው ኢሽትቫን ሳፑዲ መጋረጃውን ከአንድ አስትሮይድ፣ ማለትም ፀሐይን ከሚዞር ዓለታማ አካል ጋር በገመድ ማሰር ይቻላል አለ። መጋረጃውን በስፍራው ለማቆየት የሚያስፈልገውን ክብደት አስትሮይዱ ስለሚሰጥ፣ ከምድር መምጠቅ ያለበት 35,000 ቶን ያህል ብቻ ይሆናል። ወረቀት ሁሉን ይችላል፤ አስትሮይዱን ማን ጎትቶ እንደሚያመጣው ሌላ ጥያቄ ነው። ቢሆንም በ17 ዓመት ውስጥ ከ20 ሚሊዮን ወደ 35 ሺህ የወረደ ቁጥር በቀላሉ የሚታለፍ አይመስለኝም። የፀሐይን ብርሃን ከኅዋ ላይ መነካካትም ቢሆን አዲስ ነገር አይደለም። በ1993 ሩሲያ ዝናምያ የተባለ 20 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት ዘርግታ፣ ወርዱ 5 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ የብርሃን ክብ በአውሮፓ ላይ አሳልፋለች። በ1999 የተሞከረው ተከታዩ ግን ገና ሲዘረጋ የራሱ መንኮራኩር አንቴና ላይ ተጠምጥሞ ከሸፈ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ጥላ ሲባል ለሁሉም እኩል የሚደርስ ይመስላል፤ አይደለም። በካርቦን ዳይኦክሳይድ የመጣውን ሙቀት የፀሐይን ብርሃን በማደብዘዝ ለማካካስ ሲሞከር ምን እንደሚሆን በኮምፒውተር የተሠሩ የአየር ንብረት ቀመሮች ያሳያሉ፤ የሐሩር አካባቢዎች ከሚገባው በላይ ይቀዘቅዛሉ፣ የዋልታዎቹ ተጨማሪ ሙቀት ሙሉ በሙሉ አይወገድም፣ በዓለም ደረጃ የሚዘንበው ዝናብም ይቀንሳል። ጋዙ በአየር ውስጥ እንዳለ ስለሚቀር ውቅያኖሶች አሲድ መሆናቸውን ይቀጥላሉ። በዚያ ላይ የላግራንዥ ነጥብ ዕቃ አስቀምጠው የሚሄዱበት መደርደሪያ አይደለም። ሚዛኑ ተንሸራታች ነው፤ የብርሃን ግፊትም መጋረጃውን ያለማቋረጥ ይገፋዋል። ስለዚህ አንድ ሰው ሁልጊዜ መሪውን ይዞ መቀመጥ አለበት። መሪውን የያዘ ደግሞ የዝናብን ቁልፍ ይዟል። ከዓመታት በኋላ ገንዘብ ቢያልቅበት ወይም ጦርነት ቢነሣና መጋረጃው ከስፍራው ቢንሸራተት፣ ተጋርዶ የቆየው ሙቀት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመልሶ ይወርድብናል።

ሕጉስ ምን ይላል? የ1967ቱ የኅዋ ውል ዘጠነኛ አንቀጽ፣ ከምድር ውጭ የመጣ ቁስ ወደ ምድር ገብቶ አካባቢዋን እንዳይጎዳ መንግሥታት እንዲጠነቀቁ ያዝዛል። የሚመጣብንን አስቧል፤ የሚቀርብንን ግን አላሰበም። መጋረጃ ወደ ምድር የሚጨምረው ነገር የለም፤ የሚያጎድለው ብርሃን ነው። የ1972ቱ የተጠያቂነት ስምምነት የተሻለ ይመስላል፤ የአንድ አገር የኅዋ ዕቃ በምድር ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ያቺ አገር ጥፋት ባይኖርባትም ትከፍላለች ይላል። ኮስሞስ 954 የተባለችው የሶቪየት ሳተላይት በ1978 ከነኑክሌር ማብላያዋ ካናዳ ላይ ተሰባብራ ስትወድቅ ጥያቄ ቀረበ፤ በ1981 ሶቪየት ኅብረት ሦስት ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ለመክፈል ተስማማች። ያን ጊዜ ከበረዶው ላይ የሚለቀም ስብርባሪ ነበር። ድርቅ ግን ስብርባሪ የለውም። ይህ ድርቅ የመጣው ከመጋረጃው ነው ብሎ ለማስረዳት የአሥርት ዓመታት መዝገብ ያስፈልጋል፤ ስምምነቱ ለአቤቱታ የሚሰጠው ጊዜ ግን ጉዳቱ ከደረሰበት ወይም ተጠያቂው ከታወቀበት ዕለት ጀምሮ አንድ ዓመት ነው። በጠላትነት የአየር ንብረትን መለወጥ የሚከለክለው የ1976ቱ ስምምነትም እዚህ አይረዳም፤ መጋረጃውን የሚሠራው «ላድናችሁ ነው» እያለ ነውና።

ይህ የአካባቢ ጥበቃ ሰዎች ሥራ ነው እንዳትሉኝ። በ2019 እና በ2024 ናይሮቢ ላይ የተሰበሰበው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጉባኤ የፀሐይን ብርሃን ስለ መቀነስ የቀረቡለትን የውሳኔ ሐሳቦች ሳይስማማባቸው ተበትኗል።

እንዲከለከል አልጠይቅም። በኮምፒውተርና በቤተ ሙከራ የሚደረገው ጥናት ይቀጥል፤ ሳያውቁ መፍራትም ሳያውቁ ከመድፈር ብዙ አይሻልም። የምጠይቀው ጉዳዩ በተባበሩት መንግሥታት የኅዋ ኮሚቴ የሕግ ንዑስ ኮሚቴ አጀንዳ ላይ ራሱን ችሎ እንዲያዝ ነው። የ1975ቱ የምዝገባ ስምምነት አገሮች ያመጠቁትን ዕቃ በተቻለ ፍጥነት እንዲያሳውቁ ያዛል፤ የፀሐይን ብርሃን ለመቀነስ የታሰበ ማንኛውም ሙከራ ግን፣ የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ ከመምጠቁ በፊት ለእናንተ ይነገር፤ እናንተም ለሁሉም አሳውቁ። ዕቅዱን የሚያቀርብ ሁሉ ሥራው ቢቋረጥ መሪውን ማን እንደሚረከብና መጋረጃው ቀስ በቀስ እንዴት እንደሚነሣ አብሮ ያቅርብ። ኮሚቴው የሚወስነው በሙሉ ስምምነት እንደሆነና ይህም ዓመታት እንደሚፈጅ አውቃለሁ። ሮኬቱ ሳይሠራ የምጽፍላችሁም ለዚህ ነው።

ጥያቄው ለቀጣዩ የንዑስ ኮሚቴው ስብሰባ ይቀርብ እንደሆነ፣ የማይቀርብ ከሆነም ምክንያቱን፣ ለሕዝብ በሚወጣ ጽሑፍ እንድታስታውቁ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
የኅዋን ጉዳይ የሚከታተል አንድ አንባቢ